የጆተኒ ጎን ሥዕል በስካነር፦ ትልቅ ሥዕልን ሳናበላሽና ሳናሳምር እንዴት እንቅዳ?

መግቢያ

እንደሚታወቀው በትምህርት ክፍላችን ፎቶ ማንሳት፣ ድምፅ መቅዳትና ቃለ መጠይቅ ማድረግ እንማራለን። ሰው የተናገረውን እንደተናገረው መያዝ የሙያችን ሀ ሁ ነው። ሰው የሳለውን እንደሳለው ስለ መያዝ ግን ብዙም ስንነጋገር አይሰማም። በየከተሞቻችን ደግሞ በእጅ የተሳለ ነገር ሞልቶ ነበር፤ የፀጉር ቤቱ ታፔላ፣ የሻይ ቤቱ ግድግዳ፣ የጆተኒው ጎን። ዛሬ አብዛኛው በባነርና በስቲከር እየተተካ ነው። አሮጌው ታፔላ ወይ የአጥር መድፈኛ ይሆናል፣ ወይ የዶሮ ቤት በር ይሆናል፣ ወይ በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ይቀባበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከስካነራችን የሚበልጥ ሥዕል እንዴት ወደ ኮምፒውተር እንደሚገባ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ስንቀዳ ምን መንካት እንደሌለብን መናገር ነው። ለእኔ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን።

ምሳሌዬን ያገኘሁት በሁሩሙ ነው። ሁሩሙ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የኢሉባቦር ዞን የወረዳ ከተማ ናት። ወረዳዋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ከተመዘገበው የያዩ የቡና ደን ባዮስፌር ክልል ጋር የተያያዘች ናት። ደን አለ ማለት ዝናብ አለ ማለት ነው፤ ዝናብ አለ ማለት ደግሞ በኮምፖርሳቶ ላይ የተሳለ ሥዕል ዕድሜው አጭር ነው ማለት ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም

አርኬድ የሚባለውን በፊልም ያያችሁት ትኖራላችሁ። ሳንቲም እየጎረሰ የሚያጫውት፣ ቁም ሣጥን የሚያህል የጨዋታ ማሽን ነው። ስፔስ ኢንቬደርስ (እ.ኤ.አ. 1978) እና ፓክማን (እ.ኤ.አ. 1980) ከጃፓን ተነስተው ዓለምን ያዳረሱት በእነዚህ ሣጥኖች ነው። የሣጥኑ ጎንና ግንባር ልጆችን ከሩቅ እንዲጠራ በደማቅ ቀለም ይታተም ነበር። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሲልክ ስክሪን ነው፤ ያው እኛ ቲሸርት የምናሳትምበት ዘዴ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው፣ አንዱ በሌላው ላይ ይታተማል።

ታዲያ ጨዋታው ሲያረጅ ባለቤቱ ሣጥኑን አይጥለውም። የውስጡን ሰሌዳ ቀይሮ ሌላ ጨዋታ ያስገባበታል፤ ጎኑን ጥቁር ይቀባዋል ወይም አዲስ ሥዕል ይለጥፍበታል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሰብሳቢዎች የታዘቡት ነገር ይገርማል። ጨዋታው በኮምፒውተር ፕሮግራም ተቀድቶ ተርፏል፤ ሣጥኑ ላይ የነበረው ሥዕል ግን እየጠፋ ነው። ስለዚህ የተረፈውን በስካነር መቅዳት ጀመሩ።

እዚህ ላይ የመሣሪያ ጉዳይ ይመጣል። ካርታና የሕንፃ ፕላን የሚቀዳበት ትልቅ ስካነር አለ፤ ወርዱ 36 ወይም 42 ኢንች፣ ማለትም 91 ወይም 107 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወረቀቱን እየጎተተ በጥቅልል ያሳልፈዋል። ለፖስተርና ከሣጥኑ ለተላጠ ስቲከር ይሆናል። እንጨትና መስታወት ግን አይተጣጠፍም፤ በጥቅልል መሐል አያልፍም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ በትንሽ ጠፍጣፋ ስካነር እየቆራረጡ ቀድቶ መገጣጠም፣ ወይም በካሜራ ማንሳት።

በሀገራችንም የመቅዳት ሥራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍትን ቀድቷል። ቅጂዎቹ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ሲቀመጡ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ለረጅም ዓመታት ደክመዋል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። ጽሑፉን አድኗል፤ የሐረጉንና የሥዕሉን ቀለም ግን ጥቁርና ነጭ ፊልም ሊይዝ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የብሪቲሽ ላይብረሪ የመጥፋት አደጋ ያለባቸው መዛግብት ፕሮግራም ደግሞ በዲጂታል ካሜራ በቀለም ይቀዳል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉ ብራናዎችም በዚህ ፕሮግራም ተቀድተዋል። ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ ማንኛውም ቅጂ የሚይዘውም የሚተወውም ነገር አለው። ምን እንደሚተው ቀድሞ ማወቅ የቀጂው ኃላፊነት ነው።

የሁሩሙው ጆተኒ

በሁሩሙ እኔ የማውቀው አርኬድ ጆተኒ ነው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ቦርሳችንን መሬት አስቀምጠን የምንሰለፍበት ነበር። አሁን የምናገርለት ጆተኒ የአንድ ትልቅ ሰው ንብረት ነው። የረጅሙ ጎን ሥዕል 128 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 36 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። በኮምፖርሳቶ ላይ በዘይት ቀለም የተሳለ ሲሆን አረንጓዴ ማሊያ የለበሰ ተጫዋች ኳስ ሲመታ ያሳያል፤ ከኋላው ኮረብታና ዛፍ አለ። በቀኝ በኩል የጨዋታው ዋጋ፣ በታችኛው ጥግ ደግሞ የሠዓሊው አጭር ስምና የስልክ ቁጥር ተጽፏል።

ባለቤቱ ጎኑን በታተመ ስቲከር ለማልበስ አናጢ ተነጋግረው ነበር። እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሄደን፣

«ጋሼ፣ ከመሸፈኑ በፊት አንድ ቀን ቢሰጡን?» አልናቸው።

«ልትወስዱት ነው?»

«አይ፣ ቅጂውን ብቻ ነው የምንወስደው።»

«ቅጂው ምን ያደርግላችኋል? እኔ ዋናውን ራሱ ሰልችቼዋለሁ» ብለው ሳቁ። ያም ሆኖ ፈቀዱልን፤ አናጢው ጎኑን በብሎን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አጋደመልን። የነበረን ያ አንድ ቀን ብቻ ነው።

አቀዳዱ ደረጃ በደረጃ

1ኛ. መመርመር። ሥዕሉን ከመንካታችን በፊት እንዳለ በካሜራ ከፊትም ከጎንም እናነሳዋለን። ቀጥሎ ቀለሙ የሚፈረፈር መሆን አለመሆኑን እናያለን። የሚፈረፈር ከሆነ ስካነር አይነካውም፤ በካሜራ ብቻ ይያዛል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ እናነሳለን። እርጥብ ጨርቅ አይፈቀድም፤ እርጥበት የጠጣ ኮምፖርሳቶ ቀለሙን ከላዩ ይለቃል። ሻጋታ ካለም ዝም ብለን እንቀዳዋለን እንጂ አንፈገፍገውም።

2ኛ. ስካነር መምረጥ። ጠፍጣፋ ስካነር በሁለት ይከፈላል። ስስ የሆነውና ከኮምፒውተሩ በዩኤስቢ ኃይል የሚያገኘው ዓይነት ለመብራት ችግር መልካም ነው፤ ግን ከመስታወቱ ትንሽ ራቅ ያለ ነገር ይደበዝዝበታል። ወፈር ያለውና የራሱ መብራትና መስታወቶች ያሉት ዓይነት የተጣመመ እንጨትን የተሻለ ያያል፤ ግን ሶኬት ይፈልጋል። የእኛ ሰሌዳ በእርጥበት ትንሽ ስለተጣመመ ወፍራሙን መረጥን።

3ኛ. መገልበጥ። የስካነሩ ክዳን ይነሳል፤ ስካነሩ ተገልብጦ መስታወቱ በሥዕሉ ላይ ይቀመጣል። ከቦታ ወደ ቦታ ስናዛውረው እናነሳዋለን እንጂ ፈጽሞ አንጎትተውም፤ ከጎተትነው ይፍቀዋል። ቀጥ እንዲል ከሰሌዳው ጎን ቀጥ ያለ ጣውላ እናስደግፋለን። ፕላስተር ጠረጴዛው ላይ እንጂ ቀለሙ ላይ አይለጠፍም።

4ኛ. ሒሳቡን መሥራት። የኤ4 ስካነር መስታወት 29.7 በ21.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቁራጮቹ እንዲገጣጠሙ አንዱ ሌላውን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር መደረብ አለበት። ስካነሩን በርዝመቱ ካጋደምነው፣ በአግድም 5 ቁራጭ 128.5 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል፤ በቁመት ደግሞ 2 ረድፍ ይበቃል። ድምሩ 10 ቁራጭ ነው። የላይኛውን ረድፍ ከሀ1 እስከ ሀ5፣ የታችኛውን ከለ1 እስከ ለ5 ብለን ሰየምነው። ስም ሳይሰጡ መጀመር በኋላ ራስ ምታት ነው።

5ኛ. ጥራቱን መወሰን። ጥራት የሚለካው በአንድ ኢንች ውስጥ በሚገኙ ነጥቦች ነው። በ300 ነጥብ የእኛ ሰሌዳ ወደ 15,118 በ4,252 ነጥብ ይሆናል፤ ይህ ሳይታመቅ ወደ 193 ሜጋባይት ነው። በ600 ነጥብ ካደረግነው አራት እጥፍ፣ ወደ 771 ሜጋባይት ይደርሳል። ሥዕሉን በዋናው መጠን መልሶ ለማተም 300 ይበቃል። ስለዚህ ሙሉውን በ300፣ ጽሑፍና ፊርማ ያለባቸውን ቦታዎች ደግሞ ተጨማሪ በ600 ቀዳናቸው።

6ኛ. «አውቶማቲክ» የሚለውን ሁሉ ማጥፋት። ስካነሩ በራሱ ቀለም ያስተካክላል፣ ያደምቃል፣ አቧራ ያጠፋል። እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ስለሚያስተካክል ሀ1 እና ሀ2 ላይ ያለው አንዱ አረንጓዴ ሁለት ዓይነት ይሆናል። ሁሉም ይጠፋ። ባለ 24 ቀለም የመለኪያ ካርድ ካለ በመጀመሪያ እሱ ይቀዳ፤ ቀለሙ በኋላ በምን እንደተለካ ይታወቃል።

7ኛ. ለመብራት መዘጋጀት። ስድስተኛው ቁራጭ ላይ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ዝም ብሎ መቀጠል አይቻልም፤ የድሮ ስካነር አምፖል እስኪሞቅ ድረስ ቀለሙ ይለያያል። ጥቂት ደቂቃ አሙቀን፣ ቀድሞ የተቀዳውን አንድ ቁራጭ ደግመን ቀድተን፣ ሁለቱ መመሳሰላቸውን አይተን ቀጠልን።

8ኛ. መገጣጠም። ሃጊን የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወይም ፎቶሾፕ ይህን ይሠራል። ፕሮግራሙ ቁራጮቹን እንዲያንቀሳቅስና እንዲያዞር ብቻ እንፈቅድለታለን፤ እንዲለጥጥ ከተፈቀደለት ቀጥ ያለው መስመር ይጎብጣል። ከተገጣጠመ በኋላ በሰሌዳው ላይ በሜትር የለካነውን ርቀት በፋይሉ ላይ ካለው ጋር እናመሳክራለን።

9ኛ. ማስቀመጥ። ዋናው ፋይል በቲፍ ይቀመጥ፤ ጄፔግ ሲቀመጥ መረጃ ይጥላል፣ እሱ ለመላላኪያ ይሁን። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ በሌላ ቤት። አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ያለ ፋይል እንደሌለ ይቆጠር።

ካሜራ የሚሻለው መቼ ነው? ሰሌዳው በጣም ከተጣመመ፣ ግድግዳ ከሆነ ወይም ቀለሙ ከተነሳ። ካሜራው በማቆሚያ ላይ ሆኖ ከሥዕሉ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ብርሃኑ ከሁለት ጎን በ45 ዲግሪ ይምጣ። አምፖል ከሌለ የኢሉባቦር ደመናማ ሰማይ ራሱ ጥሩ አምፖል ነው፤ ብርሃኑ እኩል ስለሚሰራጭ የዘይት ቀለም አያብለጨልጭም።

ፋይሉ የነገረን

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ሥዕሉን በዓይናችን ስናየው ዋጋው «2 ብር» ይላል። በ600 ነጥብ የተቀዳውን ቁራጭ አጉልተን ስናይ ግን ከሥሩ «1 ብር» የሚል ጽሑፍ ጠርዙ ይታያል። ከእሱም ሥር «50 ሳንቲም» አለ። ባለቤቱ ዋጋ በጨመሩ ቁጥር የቀድሞውን ቀብተው በላዩ ላይ አስጽፈዋል። የአንድ ጨዋታ ዋጋ ታሪክ በሦስት ድርብ ቀለም ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን በየትኛውም መዝገብ አታገኙትም።

ሁለተኛው የስልክ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ግን ባለ 6 አኃዝ ነው። በኢትዮጵያ የስልክ ቁጥሮች ወደ ዛሬው ባለ 10 አኃዝ አሠራር የተቀየሩት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ስለዚህ ያ ፊርማ ከዚያ በፊት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። «ሳይሆን አይቀርም» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሰው ከለመደው አጻጻፍ ቶሎ አይላቀቅም። ለማንኛውም ቀን ያልተጻፈበት ሥዕል የራሱን ዕድሜ በግምት ነገረን።

እንግዲህ ጓደኛዬ ፋይሉን እንዳየ መጀመሪያ ያለው «እናጽዳው» ነው። የተፋቀውን እንሙላ፣ ሻጋታውን እናጥፋ፣ የዋጋውን ቦታ አስተካክለን በአንድ ቀለም እንቀባው። ሐሳቡ ከክፋት አይደለም፤ የአርኬድ ሰብሳቢዎችም ይህን ያደርጋሉ። ቅጂውን ከሥር አስቀምጠው በላዩ መስመሩን እንደገና ይስላሉ፣ ቀለሙን ንጹሕ አድርገው ይሞላሉ፤ ከዚያ ለሣጥኑ አዲስ ጎን ያሳትማሉ። ውጤቱ ያምራል። ነገር ግን ከመካከላቸው ሥራውን የሚያውቀው ያልተነካውን ቅጂ ለየብቻ ያስቀምጣል፤ ምክንያቱም እንደገና የተሳለው የሣዩን ግምት ጨምሮ ነው። የጠፋው ጣት አራት ነበር ወይስ አምስት? ቀዩ ሲጀመር ቀይ ነበር ወይስ ብርቱካን? ያደሰው ሰው ወስኗል፤ ተመልካቹ ግን መወሰኑን አያውቅም።

በእኛ ሙያ ቋንቋ ልናገረው። ያልተነካው ቅጂ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ ቃል ነው። የታደሰው ደግሞ ጋዜጠኛው በራሱ አባባል ያሳጠረው ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ስም ማቅረብ ግን ሐሰት ነው። «እናጽዳው» ያልነውን ቦታ አጽድተን ቢሆን ኖሮ 50 ሳንቲሙም፣ 1 ብሩም አብረው ይጠፉ ነበር። የሚያምር ተጫዋች ይተርፈን ነበር፤ ወሬው ግን አይኖርም።

ስለዚህ ሁለት ፋይል አደረግን። አንዱ «ዋና ቅጂ፣ ያልተነካ» ይላል፤ ተቆልፏል፣ ማንም አይከፍተውም። ሌላው «የታደሰ» ይላል፤ ጓደኛዬ እንደፈለገ አሳምሮታል፣ ምን ምን እንደቀየረም በጽሑፍ ዘርዝሮ አያይዟል። ጠብም አልተፈጠረም።

የማን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ጥያቄ ነው። ሰሌዳው የጆተኒው ባለቤት ነው፤ ሥዕሉ ግን የሠዓሊው የአእምሮ ሥራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ዕቃውን የያዘ ሰው ስለፈቀደልን ብቻ ሥዕሉን አትመን መሸጥ አንችልም። ቢያንስ ሠዓሊውን መፈለግ፣ ከተገኘ መጠየቅ፣ ካልተገኘም የፈለግንበትን መንገድ መጻፍ ይገባል። እኛ በሁሩሙ ጠይቀናል፣ በመቱም ታፔላ የሚጽፉ ሰዎችን ጠይቀናል። ስሙን የሚያውቅ አግኝተናል፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ግን እስካሁን አላገኘንም። ለዚህ ነው ሥዕሉ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ያልታተመው።

ከፋይሉ ጋር አንድ ገጽ መግለጫ አያይዘናል፦ ዕቃው ምንድነው፣ መጠኑ ስንት ነው፣ ከምን ተሠራ፣ የት ተገኘ፣ መቼ ተቀዳ፣ በምን መሣሪያ፣ ማን ቀዳው፣ ማን ፈቀደ፣ ማን ሳለው። «ማን ሳለው» የሚለው ፊት ለፊት ያነበብነውን አጭር ስም ብቻ ይዟል፤ ከጎኑ «በመጣራት ላይ» ይላል። ፎቶ ያለ መግለጫ እንደማይታተም በክፍል የተማርነው እዚህም ይሠራል።

ማጠቃለያ

ሰሌዳው በማግስቱ ስቲከሩን ለበሰ። አናጢው በሙጫ ስለለጠፈው ቢላጥም ቀለሙን ይዞ ነው የሚነሳው። እንግዲህ ያን ሥዕል የሚያሳየን ያ ፋይል ብቻ ነው።

ይህን የምለው የመምሪያችን ተማሪ ሁሉ ጆተኒ እያሳደደ ይቅዳ ለማለት አይደለም። ግን ሁላችንም ከአንድ ከተማ መጥተናል፤ በየከተማችን አንድ ያልተሸፈነ ታፔላ፣ አንድ ያልተቀባ ግድግዳ አይጠፋም። ለሥራው አንድ አሮጌ ስካነር፣ አንድ ሜትርና አንድ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። መምህራኖቻችንም ለሁለተኛ ዓመት የፎቶ ኮርስ አንድ መልመጃ አድርገው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ለሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት የምመክረው ይህንን ነው፦ መጀመሪያ እንዳለ ቅዱ፣ ቆልፉት፤ ማሳመሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።